ቴፔ ዶዶላ አልሄደም

ባለፈው ቅዳሜ ቴፔን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ነበር። የእህቴ ልጅ ገባ። እኔን አየ፣ ቴፑን አየ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ቴፕ እኮ ጎን ዘ ዌይ ኦፍ ዘ ዶዶ!» አለኝ። እኔ የሰማሁት ዶዶላ ነው። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ አድርጎ ወደ ባሌ የሚዘልቀው መንገድ መጣብኝ። ቴፔ ምን ሊሰራ ዶዶላ ይሄዳል? ፊቴ ቁጭ ብሎ የለም እንዴ!

ሳቀብኝና አስረዳኝ። ዶዶ ዘሯ የጠፋ ወፍ ናት። ፈረንጅ ፋክሱንም፣ የጽሕፈት መኪናውንም፣ ጊዜ አለፈበት ያለውን ሁሉ «በዶዶ መንገድ ሄደ» ይላል። እኛ «የጃንሆይ ዘመን እቃ» የምንለው መሆኑ ነው። ግን የኛው ስድብ ብቻ አይደለም፤ የጃንሆይ ዘመን ብረት ድስት ያለው ሰው እንግዳ ሲመጣ ያሳያል እንጂ አይደብቅም።

ነገሩ ከነከነኝና ስለ ወፏ አነበብኩ። አገሯ ሞሪሸስ ነው። የርግብ ዘመድ ናት፣ ግን መብረር አትችልም፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ። ለፋሲካ ብትገዛ 12 ብልት አውጥቶ የሚጨርሳት ባለሙያ የሚገኝ አይመስለኝም። በ1598 በፈረንጆች አቆጣጠር የሆላንድ መርከበኞች ደሴቲቱ ላይ ወረዱ። ዶዶ ሰው አታውቅም፣ ስለዚህ አልሸሸችም።

«በሬ ካራጁ ይውላል» የምትል ተረት አለች፣ ነፍሴ ናት። እናቴ የምትተርታት ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር ስታየኝ ነበር። ልክ ነበረች። ያ ልጅ ይሄንኑ ቴፕ ለእህቱ ሰርግ ብሎ ተውሶኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑን ሰብሮ አመጣልኝ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ድሮም አሮጌ ነበር» አለ። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው እንሳሳማለን፣ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፣ ክዳኑን ግን አልረሳሁትም።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ዶዶ። እንቁላሏን መሬት ላይ ነበር የምትጥለው። መርከቦቹ ያመጧቸው አሳማ፣ አይጥና ጦጣ ለቀሙት። ታየች ተብሎ ብዙዎች የሚቀበሉት የመጨረሻው ዓመት 1662 ነው። 64 ዓመት! አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ተወልዶ ጡረታ እስኪወጣ እንኳ በቂ ነው።

እና ይቺ ወፍ ጊዜዋ ምኑ ላይ ነው ያለፈው? ለደሴቷ ምን ጎደላት? ጨረሷት፣ ከዚያ ስሟን የኋላ ቀር ነገር መጠሪያ አደረጉት። ይሄ ነው የሚያበግነኝ። የሰፈራችንን ቴፕ ጠጋኝ እንኳ ሱቁን አስለቅቀውት ሲያበቁ «ሥራው ድሮም ሞቷል» አሉ። ሰውዬው ካቻቢቴውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሲወጣ እኮ ባለቤቶቻቸው ያልተረከቧቸው 7 ሬዲዮኖች እሱ ጋ ነበሩ፤ አንዱ የኔ ነው! እስከዛሬ አላገኘሁትም።

ለማንኛውም ቴፔ ይሠራል። ካሴቱን የሚያነብበትን ሄዱን በአልኮል ስጠርገው ይሠራል፣ አንዳንዴ። የእህቴ ልጅ ከሄደ በኋላ ካሴቱን አስገብቼ ስጫነው ግማሹን በላው። ለልጁ አልነገርኩትም።