በርበሬ የታጠነው ልጅ

ወገኖቼ፣ በርበሬ እያጠንን ስለምናሳድጋቸው ልጆች ልናገር ነው። የሚከፋው ይክፋው።

ግቢያችን ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ አለ። አባቱ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አረፈ። አርባው ሳይወጣ ልጁ ሌሊት ፍራሽ ላይ መሽናት ጀመረ። ከሦስት ዓመቱ ወዲህ ፍራሽ አርሶ አያውቅም ነበር። እናቱ መጀመሪያ ተቆጣችው፣ ቀጥላ ገረፈችው፣ በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሰል አቀጣጠለች፣ በርበሬ በተነችበት፣ ልጁን ጋቢ አከናንባ አጠነችው። ሳሉ እስከ ውጭ በር ይሰማል። ፍራሹ የሰፈር ልጅ ሁሉ እንዲያየው አጥሩ ላይ ተዘርግቷል። አንዷ ጎረቤታችን ቡና እየቆላች «ይበለው፣ እኛም ታጥነን ነው ያደግነው» አለች። ሌላው ዝም። ስትለቀው ዓይኑ አብጦ፣ ንፍጡ እየወረደ ወጣ። እኔን ሲያይ ቆም አለና «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» አለኝ።

ደህና አደርክ ብዬው አለፍኩ።

እኔ እኮ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ! ደመወዝ የምበላው እንዲህ ያለውን ልጅ ላዳምጥ ነው። ትቶት የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረው ሐዘን ወይም ፍርሃት ሊሆን እንደሚችል፣ የስኳር በሽታም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሊሆን እንደሚችል፣ ቅጣት ደግሞ ነገሩን እንደሚያብሰው አውቃለሁ። እያወቅኩ «የሰው ቤት ነው» ብዬ ሄድኩ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ያነጋገርኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ሥዕል ሲሥል «ማታ ሽንትህ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ቀና ሳይል «አባዬ ነበር በባትሪ የሚወስደኝ» አለኝ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ግቢው ጥግ፣ መብራት የሌለው። ይህን ለመስማት ዲግሪ ያስፈልጋል? የጠየቀው ሰው እኮ ነው የጠፋው!

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» እንላለን። ታዲያ ሽንቱ ላይ ስንደርስ ምነው ጨከንን? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ ይሁን ይላል። መምህር ሲመታብን ሄደን እንጮሃለን፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን «ልጅ መቅጣት ነው» እንላለን።

እናቱ ላይ ብቻ አልፈርድም። የልጁን ቃል ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሷንም ከቀብር ወዲህ እንዴት ነሽ ያላት የለም። የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ ሁላችንም አብረን ተነሳን።

እባካችሁ፣ ከሰሉን ከማቀጣጠላችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ጎረቤት የሆናችሁም ሳሉን ስትሰሙ በሩን አንኳኩ፤ እንደኔ አትለፉ።

ጤና ጣቢያ ታይቶ ሕመም እንደሌለበት ተነግሯታል። አሁን ሌሊት ትቀሰቅሰውና በስልኳ መብራት ትወስደዋለች። ፍራሹ አንዳንድ ቀን አሁንም አጥሩ ላይ ይዘረጋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር።