ሽፋኑን የመለወጥ ሥልጣን የማን ነው?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ደራሲው የተስማማበት የመጽሐፍ ሽፋን ኅትመት ሲቃረብ በአሳታሚ ወይም በአከፋፋይ ፍላጎት መለወጡ ተገቢ ነው? «አይደለም» የሚሉት በሐረር የሚኖሩ ደራሲ ናቸው። «ተገቢ ነው» የሚሉት በድሬዳዋ የመጻሕፍት ሽፋን የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ደራሲዋ፦ ልብ ወለዴ በሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ስላሉ ልብስ ሰፊዎች ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖች ድምፅ ነው፤ እኔም ያንን ድምፅ እየሰማሁ አደግሁ። የተስማማንበት ሽፋን የስፌት መኪና ፔዳልና የአንዲት ሴት ባዶ እግር ነበረው። ታትሞ ሲደርሰኝ ግን የጀጎል በርና ዓይኑ የሚያበራ ጅብ አገኘሁ። በመጽሐፌ ውስጥ አንድም ጅብ የለም! «ሐረር መሆኑ እንዲታወቅ አከፋፋዩ ጠይቆ ነው» አሉኝ። በግንቡ ውስጥ እኮ ሰው ይኖራል።

ባለሙያው፦ እህቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። እኔ ብሠራው ጅቡን አላስገባም ነበር። ነገር ግን በአንድ መጥፎ ለውጥ ምክንያት ለውጥን ሁሉ መከልከል አይገባም። አርትዖት 240 ገጹን 280 ቢያደርሰው 20 ቅጠል ይጨመራል። የ80 ግራም ወረቀት ቅጠል ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ፣ ርዕሱ የሚጻፍበት ቀጭኑ ጎን በ2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሽፋኑ እንደገና ካልተስተካከለ ርዕሱ ከቦታው ይንሸራተታል። በኮምፒውተር ያማረው ቀይም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይደበዝዛል። ገዢውንም አይርሱ። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር መጻሕፍት በክንዱ ደርድሮ የሚያልፈው አዟሪ ብዙ አይቆምም፤ ያ ፔዳል ከሦስት እርምጃ ርቀት ካልተለየ መጽሐፉ ሳይታይ ያልፋል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የጀስቲን ላርባለስቲየር ልብ ወለድ በአሜሪካ ሊወጣ ሲል፣ ባለታሪኳ ጥቁር ሆና ሳለ ሽፋኑ ላይ የነጭ ልጅ ፊት ነበር። ተቃውሞ ተነሣና መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ተለወጠ። «ያለቀ ሽፋን አይነካም» ቢባል ኖሮ ያ ፊት ገበያ ላይ ይውል ነበር።

ደራሲዋ፦ ምስክርዎ የእኔ ምስክር ነው። ያንን ፊት የመረጠው አሳታሚው ነበር፤ በአደባባይ ከተቃወሙት አንዷ ላርባለስቲየር ራሷ ናት። ጎኑን ይለኩ፣ ቀለሙን ያስተካክሉ፤ በዚህ አንጣላም። በሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን የሐረር የእጅ ጽሑፎች አይተው ያውቃሉ? የቆዳ ሽፋናቸው ጠርዙን አልፎ የሚታጠፍ ክዳን አለው። እዚህ ከተማ ሽፋን የተሠራው ገጹን ሊጠብቅ ነው።

ባለሙያው፦ አይቻቸዋለሁ፣ እጅግም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን በቆዳው ላይ የተረገጠው ጌጥ ስለ ውስጡ ጽሑፍ ምንም አይናገርም።

ደራሲዋ፦ አይናገርም፤ አይዋሽምም። የእኔን መጽሐፍ ጅብ ፈልጎ የገዛ አንባቢ ተታሏል፤ የልብስ ሰፊዎቹን ታሪክ የሚወደው ደግሞ አይቶ አልፎታል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻው የሽፋን ናሙና ያለ ደራሲው ፊርማ ማተሚያ ቤት አይግባ።

ባለሙያው፦ ፊርማውን እቀበላለሁ፤ ግን ቀን ይቆረጥለት። ደራሲ ናሙናውን ወር ሙሉ ይዞ ሲቆይ የወረቀት ዋጋ ይጨምራል፣ ኪሳራውም የአሳታሚው ይሆናል። ሦስት ቀን ይበቃል። ናሙናውም በስልክ ምስል ሳይሆን በወረቀት ታትሞ ይምጣልዎ፤ ከድሬዳዋ ሐረር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው።