ይድረስ ከጀሪካኔ አልወጣም ላልከው 1.022

ጉዳዩ፦ ቦታ እንድትለቅ ስለመጠየቅ

ለክቡር 1.022፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ በርስዎ ምክንያት እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር... አይ በቃ አንቱታው ይቅር። ሶስት ሳምንት ሙሉ በሌሊት እየተነሳሁ በስልክ ባትሪ ሳይህ የከረምኩ ሰው አንተ ብልህ ማንም አይታዘበኝም።

ለማያውቁህ ላስተዋውቅህ። ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሃይድሮሜትር የሚባል የብርጭቆ ነገር አለው፣ ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፍና ቁጥር ይናገራል፣ ንፁህ ውሃ 1.000 ነው፣ ስኳር ካለበት ከፍ ይላል፣ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮል ሲያደርገው ደግሞ ይወርዳል። የኔ 20 ሊትር ከ1.050 ተነስቶ 1.012 አካባቢ ያርፋል ብዬ ነበር፣ እሱም 5 ፐርሰንት አልኮል ማለት ነው። አንተ ግን መንገድ ላይ ተዘርፍጠህ ቀረህ፣ ሂሳቡን ስሰራው 3.7። የቀረውን 1.3 የት እንዳደረስክብኝ እስካሁን አልነገርከኝም።

መጀመሪያማ እንደውም 1.026 ነበርክ። ያኔ ጥፋቱን ያሸከምኩት ብርዱን ነው፣ ምክንያቱም የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ነው፣ የህዳር ሌሊት እዚህ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እርሾ ደግሞ ከ18 ዲግሪ በታች መለገም ይጀምራል፣ ከዛ በታች ሲሆንማ እታች ተኝቶ ያንኮራፋል። ስለዚህ ጀሪካኑን ከእቃ ቤት አውጥቼ መኝታ ቤት አስገባሁት፣ የክት ጋቢዬን አለበስኩት፣ የተኛውን እርሾ ለመቀስቀስ ጠዋትና ማታ ቀስ እያልኩ አወዛውዘው ነበር (መናጥ አይቻልም፣ አየር ከገባበት ቢራው ካርቶን ካርቶን ይላል)። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ሰአት አየችንና «እኔ አራስ ሆኜ እንኳን እንዲህ አልተሸፈንኩም» አለች። ምን ልበላት?

በአራት ቀን 1.022 ገባህ። ጨፈርኩ። ከዛ በኋላ ግን ንቅንቅ የለም።

ሃይድሮሜትሩንም ጠርጥሬ ነበር፣ 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ 1.000፣ ነፃ ወጣ። ናሙናውንም ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየገለበጥኩ ጋዙን አስወጣሁት፣ አረፋው ከስሩ እየተለጠፈ ወደ ላይ ስለሚገፋው ቁጥሩን ሊያስዋሸው ይችላል። እሱም አይደለም። ይሄ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ጎረቤታችን እማማ፣ የሰፈሩን ጠላ የሚጠምቁት፣ በአጥሩ በላይ እያዩኝ «ቢራህ ወለደ ወይ ልጄ?» ይላሉ። እሳቸው ጋናቸውን በወይራ አጥነው፣ በጌሾ ጠንስሰው፣ ድፍድፉን ቀመስ አድርገው «ደርሷል» ካሉ ደርሷል። ዕድሜ ልካቸውን ነጥብ ሶስት ቤት የሚሉት ነገር አስጨንቋቸው አያውቅም።

በመጨረሻ ወጥመድ አጠመድኩልህ። ግማሽ ሊትር ከጀሪካኑ ቀድቼ በሃይላንድ፣ አንድ ማንኪያ ሙሉ የዳቦ እርሾ ጨመርኩበት፣ ክዳኑን አላልቼ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኩና በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ነቀነቅኩት። ከወረድክ ጥፋቱ የእርሾዬ ነው፣ ካልወረድክ ደግሞ ሊበላ የሚችል ነገር አልቋል ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ለካሁ። እዛም አንተ! ያን ሁሉ ቀን ሰነፍ ስለው የከረምኩት እርሾ ድርሻውን ጨርሶ ነበር ለካ።

ጥፋቱ ታዲያ ብቅሉን የዘፈዘፍኩበት ሙቀት ይሆን ብዬ፣ ከዚያ ተነስቼ ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 87 አለ። አስራ ሶስት ዲግሪ ዋሸ ብዬ ልወረውረው ስል ትዝ አለኝ፣ ውሃ በ100 ይፈላል ብሎ ያስተማረን መምህር ሱሉልታ አልኖረም፣ እዚህ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ውሃ በ91 ነው የሚፈላው። ዘጠኙ የተራራው ነው፣ አራቱ ግን የራሱ የቴርሞሜትሩ ውሸት። እና ብቅሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስዘፈዝፈው 67 ብሎ ሲምልልኝ እውነቱ 71 ነበር!

71 ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ የተወለድክበት ነው። ብቅሉ ውስጥ ሁለት ሰራተኛ አለ። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ስታርቹን እያደቀቀ እርሾ የሚበላው ማልቶስ የሚባል ስኳር ያደርገዋል፣ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይመቸዋል፣ 70 ሲያልፍ ግን ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። አልፋ አሚሌዝ ሙቀት ይችላል፣ ግን ስራው የጥድፊያ ነው፣ ትልልቁን ጎምዶ ጎምዶ ይሄዳል፣ ያ ጉማጅ ዴክስትሪን ይባላል፣ የእርሾው አፍ ደግሞ አይችለውም። እኔ ደካማውን በፈላ ውሃ ፈጅቼ፣ ጥድፊያኛውን ብቻውን ቀጥሬ፣ ከዛ አንተን ለምን መጣህ እላለሁ።

አንዱ ጓደኛዬ ስኳር ጨምርበት አለኝ። ስኳሩ ይበላል፣ አልኮሉም ይጨምራል፣ አንተ ግን እዛው ወፍረህ ትቀመጣለህ፣ ምክሩን አመስግኜ ተውኩት።

እውነት ለመናገር አንድ ደግነት አለህ፣ አትፈነዳም። ብርድ ያስቆመው ስኳር ብትሆን ኖሮ ጠርሙስ ውስጥ ሲሞቅህ ስራ ትጀምርና መኝታ ቤታችንን የጦር ሜዳ ታደርገው ነበር። ስለዚህ 130 ግራም ስኳር ለጋዙ ብዬ ጨምሬ አሸግኩህ፣ ለታህሳስ ገብርኤል ከፈትኩህ፣ የመጀመሪያውንም ብርጭቆ ለእማማ አቀረብኩ። ጎንጨት አሉ። ዝም አሉ። ደገሙ። «ጎሽ ልጄ፣ ጥሩ አጥሚት ነው፣ ለአራስ ይሆናል።»

ባለቤቴ እስካሁን እየሳቀች ነው።

ሐሙስ እንደገና እጠምቃለሁ፣ ቴርሞሜትሩ 62 ሲል እኔ 66 ብዬ አነባለሁ። የቀሩት አስራ አንድ ጠርሙሶች እስኪያልቁ ድረስ መቆየት ትችላለህ፣ ከዚያ በኋላ ግን ውል አላድስም።

ከሰላምታ ጋር፣
የጀሪካኑ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለእርሾው (ከይቅርታ ጋር)
ለቴርሞሜትሩ (እንዲያፍር)
ለጋቢዬ፣ ላውንደሪ ቤት