ለመራጮች የቀረበ ውዳሴ

በደብረ ብርሃን ብርድ እጅን ከጋቢ አውጥቶ ኮድ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው፣ የከተማችን ወጣቶች የደረሱበትን ጥበብ ሳያደንቅ አያልፍም። ጥበቡም ፕሮግራሚንግ ከመማር አስቀድሞ የሚማሩበትን መጽሐፍና ቪዲዮ መምረጥ፣ ምርጫውም እንዳይሳሳት ሳይቸኩሉ፣ በጥሞና፣ ቢቻል ሦስት አራት ዓመት ወስደው መምረጥ ነው። ችኩል ሰው ያገኘውን ትምህርት ከፍቶ በዚያው ምሽት ስህተት ይሠራል። መራጩ ግን እስከ ዛሬ አንድም ስህተት ሠርቶ አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ነው። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ብሄድ የመንዝ ባናውን ተከናንቦ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁትና የድካሙን ፍሬ አሳየኝ። «ፓይተን ለጀማሪ» የሚል ፎልደር አለ (ፓይተን ኮምፒውተር የሚታዘዝበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው)፤ በውስጡ «ዋናው»፣ ቀጥሎ «ትክክለኛው ዋናው»፣ ከዚያም «ይኼን ጀምር» የሚሉ ተሰድረዋል። ከቴሌግራም የወረደው ፒዲኤፍና ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠው ቪዲዮ ሁሉ በየቦታው ገብቷል። «ይኼን ጀምር» የተባለውን ከፈትኩት፤ ባዶ ነው።

መስፈርታቸው ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። ቪዲዮው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሰርቲፊኬት እንደሚያሰጥና አስተማሪው ስንት ተከታይ እንዳለው አጥብቀው ይመረምራሉ፤ በየምዕራፉ መጨረሻ መልመጃ እንዳለበት ከተረዱ ግን ወዲያው ይተዉታል፤ መልመጃ ሰውን ከምርጫ ሥራው ያዘናጋላ! የፓይተን አዘጋጆች በራሳቸው ድረ ገጽ ያስቀመጡት መማሪያማ ከነጭራሹ ለውድድር አልቀረበም። እርግጥ ነው፣ መማሪያው ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለቀመሰ ሰው ይበልጥ ይመቻል፤ የተጣለበት ምክንያት ግን ይህ ሳይሆን በነጻ መገኘቱና ከየአዲሱ ሥሪት ጋር እየታደሰ መውጣቱ ነው። ማንም ዘው ብሎ የሚያገኘውን ነገር መምረጥ ምኑ ምርጫ ይባላል?

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የቋንቋው ምርጫ አለ። ፓይተን ይሻላል ጃቫስክሪፕት የሚለው ክርክር ሻይ ቤት ውስጥ ሲጦፍ ሰምቻለሁ፤ በሁለቱም ወገን የተሰለፉት በየትኛውም ቋንቋ አንዲት ሉፕ፣ ማለትም ትእዛዝን የሚያስደጋግም ኮድ፣ ጽፈው ስለማያውቁ ፍርዳቸው ከአድልዎ ፍጹም የጸዳ ነው። መረጃ የሚይዘው ቫሪያብል፣ «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ኢፍና ሉፕ በሁለቱም ቋንቋ ስላሉ አንዱን የለመደ ሌላውን ለመልመድ አይቸገርም ብሎ የሚናገር ሰው ቢገኝ ጨዋታ አበላሽቷልና የሻዩን ሒሳብ እርሱ ቢከፍል አይበዛበትም። የገጠር ዘመዶቻችን በዚህ ረገድ ገና ብዙ ይቀራቸዋል፤ በልግ ሲጥል ያለችውን ሞፈርና ቀንበር አንሥተው ይወጣሉ እንጂ፣ በዓለም ላይ ምርጡ ማረሻ የቱ እንደሆነ እያጠኑ እስከ ክረምት አይቀመጡም።

የእህቴን ልጅ ስም እንዳላጠፋ ግን፣ ያን ዕለት በእኔ ውትወታ አንድ ፒዲኤፍ ከፍቶ ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያውን ምሳሌ አይቶ ፕሪንት ብሎ፣ ማለትም ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ ጻፈ፣ ክፍት ቦታ ተወ፣ «ሰላም» የሚለውን በጥቅስ ውስጥ አስገባ፤ ኮምፒውተሩም አሻፈረኝ አለ። ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ፓይተን 3 ሲሆን መጽሐፉ የተጻፈው ለፓይተን 2 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሦስተኛው ሥሪት ፕሪንትን ያለ ቅንፍ አይቀበልም፤ የሁለተኛው ድጋፍ ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ላይ ተቋርጧል። ከዚያ ሁሉ ክምር ይህ መጽሐፍ የተመረጠው ሽፋኑ ስላማረ ነው፤ ለየትኛው ሥሪት እንደተጻፈ ማየት ከመስፈርቶቹ ውስጥ አልነበረም።

ኮምፒውተሩስ ደግ ነው፤ ቅንፍ እንደጎደለና ምን ማለት ፈልጎ ሊሆን እንደሚችል ጭምር ጽፎለታል። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ አነበብኩለት። ልጁ በጥሞና አዳመጠኝ፣ የገብስ ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረገ፣ ከዚያም አዲስ ፎልደር ከፍቶ «ቅንፍ» ብሎ ሰየመው።

«ጋሼ፣ ስለ ቅንፍ በደንብ የሚያስተምር ኮርስ ያውቃሉ?» አለኝ።