ውሃ የምትወጋዋ ሴት አልተበደለችም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ሐኪም የጡት ካንሰር እንዳያገረሽ ስለሚሞከረው ክትባት ተጠይቀው የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። “መቶ በመቶ የሠራ ክትባት እጃችን ላይ እያለ በሙከራ ስም ግማሾቹን ሴቶች ውሃ መውጋት ጭካኔ ነው። ዕጣው ይቅርና ለሁሉም ይሰጥ” አሉ። ዕጣ ያሉት በሙከራው ክትባቱ ለማን፣ ውሃው ለማን እንደሚደርስ የሚለየውን ነው። አቅራቢዋ ራሷን ነቀነቀች። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ተቆርጣ ከስልክ ስልክ ዞረች።

ማታውኑ ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ሕክምናዋን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። “አንቺ ልጅ፣ ሰማሽው? የትም ይሁን፣ ስንትም ይሁን፣ ቤቱንም ሸጬ ቢሆን አስወጋዋለሁ” አለችኝ። “እትዬ፣ ቆይ እስቲ” ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። እህቴ የምርመራ ቀኗ ሲቃረብ ሳምንት ሙሉ አትተኛም። ሰው መሃል ተቀምጣ እያወራች እንኳ ሳይታወቃት እጇ ወደ ብብቷ ይሄድና ንፍፊት ይፈልጋል። ጭካኔስ እንዲህ ላለች ሴት “መቶ በመቶ” የሚል ቃል ወርውሮ መሄድ ነው።

መቶ በመቶው ከየት መጣ? ክትባቱ ጂፒ2 ይባላል። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ በብዛት ከሚገኘው ሄር-2 ከሚሉት ፕሮቲን የተወሰደች ትንሽ ቁራጭ ናት። የሰውነትን መከላከያ ከሚቀሰቅስ ሌላ መድኃኒት ጋር ተደርጋ በወር አንዴ ለስድስት ወር ቆዳ ውስጥ ትወጋለች፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ማጠናከሪያ ይከተላል። ሰውነት ያቺን ቁራጭ ከለመደ፣ ከቀዶ ሕክምናውና ከኬሞው አምልጦ የተደበቀ ሕዋስ ሲያገኝ ለይቶ ይገድለዋል ነው ሐሳቡ። ሐሳቡ ያምራል። እንዲሳካ የማልጸልይበት ቀን የለም።

በሁለተኛው ምዕራፍ ሙከራ 180 ሴቶች ገቡ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ከተከተቡት 88 በመቶ፣ ካልተከተቡት 81 በመቶ ነበሩ። በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። መቶ በመቶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሄር-2 እጅግ የበዛባቸው ብቻ ተለዩ፣ ከእነሱም ውስጥ ስድስቱን መርፌ ሳያገረሽባቸው የጨረሱት ብቻ ተቆጠሩ። የቀሩት 46 ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም ላይ አላገረሸም። ከእነሱ ጋር ከተነጻጸሩት 50ዎቹ ውስጥም ቢሆን 89 በመቶ ያህሉ ደኅና ነበሩ። ከማሳው ያማረውን አንድ ጥግ አጭዶ “አዝመራው ይህን ይመስላል” ማለት ይህ ነው። የ46 ሴቶች ውጤት ለትልቅ ሙከራ በቂ ምክንያት ነው፣ ፍላሚንጎ-01 የተባለው ሦስተኛው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረውም ለዚሁ ነው። ለፍርድ ግን አይበቃም፤ ሐኪም የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ሊስተው አይችልም።

ወደ “ውሃው” ልምጣ፤ ከንግግራቸው ሁሉ ደካማው እሱ ነውና። የጨው ውሃው፣ ፕላሴቦ የሚሉት፣ የሚደርሳት ሴት ሕክምና ተነፍጋ የተቀመጠች አስመስለው ነው የተናገሩት። ሐሰት ነው። እዚያ ሙከራ ውስጥ የምትገባው ቀዶ ሕክምናዋን አድርጋ፣ ኬሞዋን ጨርሳ፣ ትራስቱዙማብ የሚሉትን ሄር-2ን የሚያጠቃ መድኃኒቷን ወስዳ ነው። ዛሬ ይሠራል ተብሎ የተረጋገጠው ሁሉ ተሰጥቷታል። ዕጣው የሚለየው መሥራቱ ባልታወቀ ነገር ላይ ብቻ ነው። ባልታወቀ ነገር ማን ማንን ይበድላል?

ደግሞም ይህ “ዕጣው ይቅር” የሚባለው ነገር ተሞክሯል። ሴቶች በሕይወታቸው ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ለጡት ካንሰር መጣ የተባለው ተአምር የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነበር። የሴትዮዋ መቅኔ አስቀድሞ ይቀዳና ይቀመጣል፤ ኬሞው በሰውነቷ የቀረውን መቅኔ እስኪያጠፋ ድረስ ይሰጣታል፤ ከዚያ የተቀዳው ይመለስላታል። ማነጻጸሪያ የሌላቸው ትናንሽ ጥናቶች የሚያስጎመጅ ቁጥር አወጡ። ያን ጊዜም “ሴቶች እየሞቱ ምን ዕጣ ነው?” ተባለ፣ ልክ እንደዛሬው። በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ለዚህ ሕክምና አልከፍልም ያለ የጤና መድን ድርጅት ለአንዲት ሟች ቤተሰብ 89 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ከዚያ ወዲያ ማን እምቢ ይበል? በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ገቡበት። አፋቸው ውስጡ ተልጦ ምራቅ መዋጥ እያቃታቸው፣ ከልጆቻቸው ተለይተው በተዘጋ ክፍል ሳምንታት አሳለፉ። ከካንሰሩ ሳይሆን ከሕክምናው የሞቱም አሉ። በዕጣ የሚያነጻጽሩት ሙከራዎች ግን ፈቃደኛ አጥተው ለዓመታት ተጎተቱ፤ በእጅ ያለ ተአምር እያለ ማን ዕጣ ያወጣል!

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 ውጤቶቹ ወጡ። በግልጽ ሠርቷል የሚል ቁጥር ያቀረቡት የጆሃንስበርጉ ዶክተር ቨርነር ቤዝዎዳ ብቻ ነበሩ። በ2000 መጀመሪያ መርማሪዎች ሄደው መዝገቡን ሲያገላብጡ ነገሩ ከተባለው ጋር አልገጥም አለ፣ ሰውየውም ማጭበርበራቸውን አመኑ። ንቅለ ተከላው ከመደበኛው ሕክምና ይልቅ ዕድሜ አላስረዘመም። እንግዲህ በዕጣው “የተበደሉት”፣ መደበኛው ሕክምና የደረሳቸው ሴቶች፣ ከዚያ ሁሉ ስቃይ የተረፉት ናቸው። ሌሎቹንም ከዚያ ያስጣሉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ እስከ ዛሬ መቅኔ ስናደርቅ እንኖር ነበር።

“ክትባት እንደዚያ አይጎዳም፣ ቆዳ ያቀላል እንጂ” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በአብዛኛው የሚታየው መርፌው የገባበት ቦታ መቅላትና መጠንከር ነው። ቀደም ባሉት ጥናቶች ሴቶቹ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው የቀላው ቆዳቸው ይለካ ነበር። ግን ሄር-2 በልብ ጡንቻም ላይ አለ፣ ትራስቱዙማብ የሚወስዱ ሴቶች ልባቸው በየጊዜው የሚታየው ለዚህ ነው። ትራስቱዙማብ ልብ ሲደክም ይቆማል። ሰውነት የተማረውን ግን ማን ያስረሳዋል? እስካሁን ጎልቶ የወጣ የልብ ጉዳት አልታየም። ይህንንም የምናውቀው የተከተቡትና ያልተከተቡት ጎን ለጎን ስለተቆጠሩ ነው።

ሌላም አለ። ኑቫክስ የተባለው የጂፒ2 የቅርብ ዘመድ፣ እሱም ከሄር-2 የተወሰደ ቁራጭ፣ በትንንሾቹ ጥናቶች ተስፋ አሳይቶ ነበር። በ758 ሴቶች ላይ በዕጣ ሲሞከር ግን ጥቅሙ ሊታይ አልቻለም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሙከራው ቆመ። እኚህ ሐኪም ያን ጊዜ ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር? “ለሁሉም ይሰጥ” ይሉ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያን የማይረባ መርፌ በየስድስት ወሩ እንወጋ ነበር፣ እህቴም ለእሱ ቤቷን ትሸጥ ነበር።

የጡት ካንሰር የሚያድርበትን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አይቸኩልም። በሆርሞን የሚመራው ዓይነት ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ ሊመለስ ይችላል። ሄር-2 ያለበትም በአንድና በሁለት ዓመት ምስጢሩን አያወጣም። በየዓመቱ ቀጠሮዋን አክብራ የምትመጣ፣ የተወጋችው ክትባቱን ይሁን ውሃውን የማታውቅ፣ ግን ሳትሰለች የምትቆጠር ሴት ታስፈልጋለች። ስለ ጀግንነት ከተወራ ከእሷ ይጀመር። ስክሪን ላይ ወጥቶ “ተታለሽ ነው” ማለት እሷን መስደብ ነው።

እህቴን በበነጋታው ሄጄ አየኋት። ወረቀት ላይ 46 ብዬ ጻፍኩላት፣ ከጎኑ 180። አየት አደረገችውና “ይኸው ነው?” አለች። ይኸው ነው። ዶክተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጋበዙ፣ መቶ በመቶ ከማለታቸው በፊት 46 ይበሉ።