ማስተካከያ፦ ውሃ የተጠማ ስንዴ ጥራቱ ይሻላል ያልኩት ተሳስቻለሁ

ባለፈው ስለ በጋ መስኖ ስንዴ ስጽፍ ሁለት ቦታ ስቻለሁ። ቆጋ መስኖ ላይ የሚያርስ አንባቢ ባሕር ዳር ገበያ አግኝቶኝ "ምን ነክቶህ ነው?" አለኝ። ልክ ነው።

አንደኛው፣ "ውሃ ሲቀነስ ፕሮቲኑ ስለሚጨምር ጥራቱ ይሻላል" ያልኩት ነው። ግማሹ እውነት ነው። ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ውሃ ካጠረ ዱቄት የሚሆነው ስታርች በደንብ አይጠራቀምም። ስለዚህ ፕሮቲኑ በመቶኛ ሲሰላ ከፍ ይላል። ፍሬው ግን ቀጭጮ፣ ተጨማዶ ይቀራል። ሲፈጭ ዱቄቱ ያንሳል፣ ፉርሽካው ይበዛል። ኩንታሉም ይቀንሳል። ይሄ ምኑ ጥራት ነው?

በተቃራኒው ውሃ ጠግቦ ከማዳበሪያ የሚያገኘው ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴ ማሳ ላይ ያምራል፣ ፕሮቲኑ ግን ይሳሳል። ዳቦው እንደልብ አይነፋም። ውሃው ከልክ ካለፈ ደግሞ ናይትሮጅኑን ከሥሩ በታች አጥቦ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ያሳፍራል። "በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጅን" ብዬ የጻፍኩት 100 ኪሎ ዩሪያ ለማለት ነበር። ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 በመቶ ብቻ ነው። ጽሑፌን አምኖ የሰራ ሰው ከእጥፍ በላይ ዩሪያ ይበትናል። ገንዘቡ ይባክናል፣ ሰብሉም ሊጋሸብበት (መሬት ላይ ሊተኛበት) ይችላል።

ሳልጠቅሰው ያለፍኩት ነገርም አለ፤ ጊዜው። ዩሪያ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። ቀድሞ የሚሰጠው በይበልጥ ምርቱን ያበዛል። ዛላው ሊወጣ ሲል የሚጨመረው ግን ፕሮቲኑን ያግዛል። ከተበተነ በኋላ ቶሎ በልኩ ውሃ ካልጠጣ ከፊሉ ተንኖ ይጠፋል። ለመሬታችሁ የሚሆነውን ልክ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ እንጂ እኔን አትመኑ።