ማስተካከያ፦ ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ተያዘ ሴል ገብተው ቫይረስ አይገድሉም

ስለ በሽታ መከላከል ሥርዓት ቀደም ሲል ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ ፀረ እንግዳ አካላት (ሰውነት እንደ ቫይረስ ያሉ ወራሪዎችን ለመከላከል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) በቫይረስ ወደ ተያዘ ሴል ገብተው ቫይረሱን እንደሚገድሉ መግለጼ ስሕተት ነበር። ማስተካከያው የተመሠረተው በሕክምና ትምህርት መማሪያ መጻሕፍት ላይ ነው።

ቢ ሴሎች ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚመነጩት ፀረ እንግዳ አካላት በዋናነት የሚሠሩት ከሴል ውጭ፣ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ውስጥ ሲሆን፣ ቫይረሱ ላይ ተጣብቀው ወደ ሴል እንዳይገባ ያግዱታል፤ ወይም ሌሎች ሴሎች እንዲውጡት ምልክት ይሆኑበታል። ቫይረሱ አንዴ ከገባ በኋላ ግን ሥራው በአብዛኛው የገዳይ ቲ ሴሎች (የተያዙ ሴሎችን የሚያጠፉ ነጭ የደም ሴሎች) ነው። እነዚህም ቢሆኑ ቫይረሱን በቀጥታ አያዩትም። የተያዘው ሴል የቫይረሱን ፕሮቲን ቆራርጦ ቁራጮቹን ኤችኤልኤ በሚባሉ የራሱ ሞለኪውሎች ላይ አስቀምጦ ወደ ውጭ ያሳያል፤ ቲ ሴሉም ቁራጩንና ሞለኪውሉን በአንድነት ሲለይ ሴሉን ከነቫይረሱ ያጠፋዋል። (ይህን ጥምር መለያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ የደረሱበት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል በ1996 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይጠቀስ መቅረት ያልነበረበት ግኝት ነው።)

ስሕተቱ ወደ ሌላ ስሕተት መርቶኛል። በደም ምርመራ የፀረ እንግዳ አካላት መጠን ዝቅ ብሎ የተገኘበት ሰው መከላከያ የለውም ብዬ ደምድሜ ነበር። መጠኑ ኢንፌክሽንን ገና ከመነሻው ለማገድ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ምርመራው ቀድሞ ያጋጠማቸውን ቫይረስ አስታውሰው ዳግም ሲመጣ ፈጥነው የሚከላከሉትን ቲና ቢ ሴሎች አይለካም፤ ስለዚህ ያ ድምዳሜ ተሰርዟል።